የተቀበረው ፋይበር ገና አልሞላም

«ኔትወርኩ ተጨናንቋል» የሚል ቅሬታ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው መፍትሔ «ተጨማሪ ፋይበር ይዘርጋ» የሚለው ነው። ቁፋሮ ለኃላፊውም ለነዋሪውም በዓይን የሚታይ ሥራ ስለሆነ ሐሳቡ ብዙ ሳይመረመር ተቀባይነት ያገኛል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም የተለየ ነው። ገመድ ባለበት መስመር ላይ፣ አቅም ለመጨመር ብቻ ተብሎ፣ ሌላ ቦይ መቆፈር የአገር ገንዘብ ማባከን ነው። አስቀድሞ የተቀበረው ፋይበር በቅድሚያ የሚችለውን ያህል ብርሃን ይጫንበት። ከቁፋሮ የሚተርፈው ገንዘብ ገመድ ባልደረሰበት አቅጣጫ አዲስ መንገድ ለመክፈት ይዋል። አቅምና መንገድ በአንድ የበጀት ርዕስ ሥር ተቀላቅለው ሲቀርቡ ሁለቱም ይበደላሉ።

አቅም የሚጨመርበት ዘዴ በሞገድ ርዝመት መከፋፈል ይባላል፤ የቴሌኮም መሐንዲሶቻችን በምሕጻሩ ደብልዩ ዲ ኤም ይሉታል። አሠራሩን ለመረዳት ሬዲዮ ከፍቶ ጣቢያ መቀያየር ይበቃል። በአዲስ አበባ አየር ላይ ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና በ98.1፣ ሸገር በ102.1 በአንድ ጊዜ ይሰራጫሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሞገድ ስላለው አንዱ የሌላውን ድምፅ አያበላሽም። በፋይበር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። የሞገድ ርዝመታቸው የተለያየ ሌዘሮች በአንድ ጫፍ ብርሃናቸውን ወደ አንድ ቀጭን የመስታወት ክር ይልካሉ፤ በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ ነጣጥሎ ያወጣቸዋል። ዓይናችን አያያቸውም እንጂ እነዚህ ሞገዶች ቀለሞች ናቸው። አንዱ ቀለም የሞባይል ትራፊክ፣ ሌላው የባንኮች፣ ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲዎች መስመር ሊሆን ይችላል፤ ክሩ ግን አንድ ነው።

ወደዚህ የተደረሰበት ታሪክ ለዛሬው ክርክራችን ብዙ ስለሚነግረን ጥቂት እንቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካኦ እና ጆርጅ ሆክሃም በእንግሊዝ አገር ሃርሎ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ሲሠሩ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚጠፋው ብርሃን ከ20 ዴሲቤል በታች ከወረደ የመስታወት ክር ለመገናኛ እንደሚያገለግል አስረዱ። 20 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ከመቶው ብርሃን አንዱ ብቻ ተረፈ ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ከዚያ ወሰን ዝቅ ያለ ክር ሠራ። ዛሬ የሚመረተው ፋይበር በ1550 ናኖ ሜትር አካባቢ በኪሎ ሜትር የሚያጠፋው 0.2 ዴሲቤል ግድም ብቻ ነው። ካኦም ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ነገር ግን ክሩ ቢሻሻልም አንድ ማነቆ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የአትላንቲክ ፋይበር ገመድ ታት 8 በአንድ ጥንድ ፋይበር 280 ሜጋቢት በሰከንድ ያሳልፍ ነበር። የደከመው ብርሃን በየመንገዱ ወደ ኤሌክትሪክ እየተለወጠ፣ እየታደሰ፣ እንደገና ብርሃን ሆኖ ይቀጥል ነበር። በዚህ አሠራር አንድ ሞገድ በተጨመረ ቁጥር በየማደሻ ጣቢያው ሌላ መሣሪያ መጨመር ግድ ይላል። ማነቆውን የፈታው ማጉያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ፔይን ቡድን፣ በአሜሪካ ቤል ላብስ ደግሞ እነ ኢማኑኤል ዴሱርቪር፣ ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ፋይበር ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጥ እንደሚያጎላ አሳዩ። ይህ ማጉያ ከ1530 እስከ 1565 ናኖ ሜትር ያሉትን ሞገዶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ያጎላል። ሞገዱ አንድም ይሁን ሰማንያ ማጉያው ያው አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ተጨማሪ መስመር ለመክፈት የሚያስፈልገው በአብዛኛው በሁለቱ ጫፎች የሚገጠም መሣሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲዬና የተባለው ኩባንያ 16 ሞገዶችን በአንድ ፋይበር የሚያስተላልፍ መሣሪያ ለቴሌኮም ኩባንያው ስፕሪንት አቀረበ። እያንዳንዱ ሞገድ 2.5 ጊጋቢት፣ በድምሩ 40 ጊጋቢት በሰከንድ ማለት ነው።

ዛሬ በዚያው የሞገድ ክልል ውስጥ፣ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መስፈርት መሠረት በ50 ጊጋኸርዝ ልዩነት ሲደረደሩ፣ ከ80 እስከ 96 የሚደርሱ ሞገዶች ይገባሉ። እያንዳንዱ 100 ጊጋቢት ቢይዝ አንድ ጥንድ ፋይበር ከ8 እስከ 9.6 ቴራቢት በሰከንድ ይሸከማል። የ100 ጊጋቢቱን ሞገድ ያመጣው እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው ኮሂረንት የተባለው የመቀበያ ስልት ነው። ይህ መቀበያ ብርሃኑ በረጅም ጉዞ የሚደርስበትን መዛባት በስሌት ያርማል፤ ቀድሞ ለዚሁ እርማት በየጣቢያው ይቀመጡ የነበሩትን የፋይበር ጥቅሎችም አላስፈላጊ አድርጓቸዋል። ሊሰመርበት የሚገባው ነገር ይህ ሁሉ የሆነው የተቀበረው ገመድ ሳይነካ መሆኑ ነው። የባሕር ገመዶች እንኳ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚያልፉት ጭምር፣ ከተቀመጡ በኋላ አቅማቸው የጨመረው ከየብስ ጣቢያቸው መሣሪያ በመለወጥ ነው። የባሕሩን ወለል እንደገና ያረሰ የለም።

ይህን ሳይረዱ መቆፈር ምን እንደሚያስከትል ከሃያ ዓመት በፊት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካና የአውሮፓ ኩባንያዎች በተበደሩት ገንዘብ እየተሽቀዳደሙ ፋይበር ቀበሩ። በዚያው ወቅት የሞገድ ቁጥር በፍጥነት ይጨምር ስለነበር እያንዳንዱ የተቀበረ ክር ሲቀበር ከታሰበለት በላይ ብዙ እጥፍ የሚሸከም ሆነ። ገበያው ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ አቅም ተትረፈረፈ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ። ግሎባል ክሮሲንግ እ.ኤ.አ. በጥር 2002፣ ወርልድኮም በሐምሌ 2002 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። ለውድቀታቸው ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረ፤ የወርልድኮም የሒሳብ ማጭበርበር የታወቀ ነው። ሆኖም በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ መቅበርን እንደ አቅም መጨመሪያ መቁጠር ከዚያ ዘመን በኋላ ይቅርታ የሚደረግለት ስህተት አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። ባሕር በር የለንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ሲዘረጋ እንደነበረው ሁሉ፣ ዛሬም ከዓለም ጋር የሚያገናኘን ዋናው መስመር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕር ያቀናል። የጅቡቲ ጠረፍ ብዙ የባሕር ገመዶች የሚወጡበት ስፍራ ነው፤ በሱዳንና በኬንያ በኩልም መውጫ አለን። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው የባቡር ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዚያ ርቀት የሚሄድ ፋይበር በየ80 ኪሎ ሜትሩ ቢጎላ መንገድ ላይ ዘጠኝ ያህል የማጉያ ጣቢያ ያስፈልገዋል። 80 ኪሎ ሜትር የሄደ ብርሃን 16 ዴሲቤል ግድም ያጣል፤ ከተላከው አርባኛው እጅ ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ ቀንና ሌሊት መብራት፣ ባትሪ፣ ጄኔሬተር፣ በአፋር ሙቀት ደግሞ ማቀዝቀዣ ይሻል። አንድ ጣቢያ መብራት አጥቶ ከቆመ በመስመሩ ላይ ያለው ሞገድ ሁሉ አብሮ ይቆማል። ለሞገድ ማስፋፊያ የሚመደብ በጀት የጣቢያዎቹን ኃይል አቅርቦት ካላካተተ ግማሽ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የኤክስካቫተር ነገር ነው። ፋይበር በቆፋሪ ማሽን ሲቆረጥ የምንቆጥረው አገልግሎት የተቋረጠበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ጥገናው ሲያልቅ ጉዳቱም ያበቃ ይመስለናል። አያበቃም። የተቆረጠ ገመድ ሲጠገን ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ይገባና በሁለት ቦታ በሙቀት ቀልጦ ይያያዛል። በጥንቃቄ የተሠራ እያንዳንዱ መያያዣ፣ በባለሙያዎች አጠራር ስፕላይስ፣ ከ0.05 እስከ 0.1 ዴሲቤል ያጠፋል፤ በጥድፊያ፣ በአቧራ፣ በሌሊት የተሠራው ከዚያ በላይ ያጠፋል። በአንድ የማጉያ ርቀት ውስጥ አሥር ጊዜ የተጠገነ ገመድ ሃያ ስፕላይስ ይኖረዋል፤ ከ1 እስከ 2 ዴሲቤል ተጨማሪ ብርሃን አጥቷል ማለት ነው። 1 ዴሲቤል ሲጠፋ ከአምስት እጅ አንዱ፣ 2 ዴሲቤል ሲጠፋ ከሦስት እጅ አንድ የሚበልጠው ኃይል ይሄዳል። ጥሪ ለሚያደርግ ሰው ይህ አይታወቀውም፤ መስመሩ ይሠራል። የሚታወቀው ሞገዱን ከ100 ጊጋቢት ወደ 400 ጊጋቢት ለማሳደግ ሲሞከር ነው። ብዙ መረጃ የሚሸከም ሞገድ ከጫጫታው ጎልቶ የሚለይ ጠንካራ ብርሃን ይፈልጋል፤ ደካማው መስመር ያን አይችልም። ሌዘሩን አጠንክሮ ማካካስም ወሰን አለው፤ ብርሃኑ ከልክ በላይ ሲበረታ መስታወቱ ራሱ ሞገዶቹን እያዛባ እርስ በርስ ያደባልቃቸዋል።

ስለዚህ በግዴለሽነት የሚቆፍር ሥራ ተቋራጭ የሚያደርሰው ጉዳት የዕለት ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ወደፊት ሊሸከም ከሚችለው አቅም ላይ በቋሚነት ይቆርጣል። የመንገድ፣ የውኃና የመብራት ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የፋይበር መስመሩን ካርታ አይቶ መፈረም ግዴታ መሆን አለበት። ጉዳት ያደረሰ ተቋራጭም የጥገናውን ወጪ ብቻ ሳይሆን የጠፋውን አቅም ጭምር እንዲከፍል የሚያስገድድ ስሌት ሊወጣ ይገባል። ይህን የምንለው ተቋራጭን ለማስፈራራት አይደለም። ዛሬ ጉዳቱ ርካሽ ስለሆነ ጥንቃቄው ውድ ሆኗል፤ ሚዛኑ መገልበጥ አለበት። በኮሪደር ልማት መንገዶች ተከፍተው ባሉበት ጊዜ ባዶ ቱቦ አብሮ መቅበር በኋላ አስፋልት ከመስበር እጅግ የሚቀል መሆኑን ለመናገር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሞገድ የማይፈታው ችግር አለ፤ እርሱም መቆረጥ ነው። እንዲያውም ያባብሰዋል። ሰማንያ ሞገድ የተጫነበት ክር ሲቆረጥ አንድ ሞገድ ከተጫነበት ሰማንያ እጥፍ ጉዳት ያደርሳል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው የጭነት መርከብ በየመን ጠረፍ አቅራቢያ በሚሳኤል ተመታ ስትንሳፈፍ፣ መልሕቋ ሳይሆን አይቀርም በተባለ ምክንያት ሲኮም፣ ኤ ኤ ኢ 1 እና ኢ አይ ጂ የተባሉት ገመዶች በቀይ ባሕር ተቆረጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ኢሲ የተባለው ገመድና ሲኮም በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አካባቢ ተበጠሱና የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ለቀናት ተንቀራፈፈ። በእነዚህ ገመዶች ውስጥ የነበረው የሞገድ ብዛት ማንንም አላዳነም። ያዳነው ሌላ መንገድ የነበረው ብቻ ነው። ገንዘብ ወደ ቁፋሮ መሄድ ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ በሌላ ሸለቆ፣ በሌላ ድንበር፣ ወደ ሌላ የባሕር ጠረፍ። በአንድ ቦይ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ገመዶች ለኤክስካቫተር አንድ ገመድ ናቸው።

ሌላ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ ከዜሮ አይጀመርም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶዎቹ አናት ላይ ከመብረቅ መከላከያው ሽቦ ጋር የተሠራ ፋይበር አለው፤ ለቴሌኮም ኩባንያዎችም ያከራያል። ይህ ፋይበር ከመሬት በላይ ስለሚሄድ አካፋም ኤክስካቫተርም አይነካውም፤ የሚያልፍበትም አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ዳር ገመድ ይለያል። በኤሌክትሪክ ኃይል ምሰሶ ላይ ያለው ፋይበርና በመንገድ ዳር የተቀበረው ፋይበር፣ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው በራሱ ተቀብሎ እንዲያሻግር ሆነው ቢያያዙ አገሪቱ ያለ አዲስ ቦይ ሁለተኛ መንገድ ታገኛለች። ሁለቱም የሕዝብ ሀብት ናቸው። የሚያስፈልገው ስምምነት እንጂ ቁፋሮ አይደለም።

የገበያው አሠራርም ይህንኑ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል፤ ባለሥልጣኑም መሠረተ ልማትን ስለ መጋራት መመሪያ አውጥቷል። መጋራት ሲባል ግን እስከ ዛሬ በሕዝብ አእምሮ የሚመጣው የሞባይል ማማ ነው። ሞገድም ይጋራል። አንድ ኩባንያ በሌላው ፋይበርና ማጉያ ላይ፣ በሁለቱ ጫፎች የራሱን መሣሪያ ገጥሞ፣ የተወሰኑ ሞገዶችን ተከራይቶ ሊሠራ ይችላል። በዚህ መንገድ ሁለት ኩባንያዎች ጎን ለጎን ሁለት ቦይ ከመቆፈር ይድናሉ። ባለሥልጣኑ የሞገድ ኪራይን በግልጽ በስሙ ጠርቶ፣ ዋጋው የሚሰላበትን መንገድ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። ዋጋው በሁለት ወገኖች ድርድር ጨለማ ውስጥ እስከተወሰነ ድረስ መቆፈር ለተከራዩ የሚያዋጣ መስሎ መታየቱ አይቀርም።

የሚነሳብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። ቁፋሮ ለወጣቶች ሥራ ይፈጥራል፣ ወጪው ባብዛኛው በብር ነው፤ የሞገድ መሣሪያ ግን በዶላር ይገዛል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ቀልድ አይደለም። ሆኖም የሚቀበረው ገመድም ከውጭ ይመጣል፣ ቆፋሪው ማሽንም ነዳጁም እንዲሁ። ዶላሩን የሚበላው ይበልጥ ሌላ ነገር ነው፤ ከአንድ አምራች ጋር ታስሮ መቅረት። ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው ሁሉም ከአንድ አምራች ብቻ ሲገዛ ቀጣዩን ሞገድ በምን ዋጋ እንደምንጨምር የሚወስነው ሻጩ ይሆናል። ዓለም ከዚህ እየወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው 400 ዜድ አር የተባለው መስፈርት ከተለያዩ አምራቾች የተገዙ፣ በራውተር ላይ በቀጥታ የሚሰኩ የ400 ጊጋቢት መሣሪያዎች እስከ 120 ኪሎ ሜትር ድረስ እርስ በርስ እንዲግባቡ አድርጓል። የመንግሥት የግዥ ሰነዶች ማጉያውንና መስመሩን ከጫፍ መሣሪያው ለይተው እንዲያጫርቱ፣ የመስመሩ አቅራቢም የሌላ አምራች ሞገድ እንዲቀበል እንዲያስገድዱ እንጠይቃለን። ይህን በጨረታው ላይ ያልጻፈ መሥሪያ ቤት በኋላ ስለ ዋጋ ሊያማርር አይገባውም።

በከተማ ውስጥ ነገሩ ይቀላል፣ ይረክሳልም። ለአጭር ርቀት ሲ ደብልዩ ዲ ኤም የሚባለው ዓይነት አለ፤ በ20 ናኖ ሜትር ልዩነት፣ ከ1271 እስከ 1611 ናኖ ሜትር፣ 18 ሞገዶች ያስተናግዳል። ሌዘሮቹ ማቀዝቀዣ አይሹም፤ መደባለቂያውና መለያውም መብራት የማይፈልግ ሳጥን ነው። በአንድ ከተማ ቅርንጫፎቹን የሚያገናኝ ባንክ ወይም ግቢዎቹ የተበታተኑበት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ፋይበር ከመከራየት በፊት ይህን መሞከር ይኖርበታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክም የራሱ ሞገድ ቢኖረው ተመራማሪው ከሌላው ደንበኛ ጋር ለባንድዊድዝ አይሻማም። ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፤ በድሮ ዘመን የተመረተ ፋይበር በ1383 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ በመስታወቱ ውስጥ በቀረ እርጥበት ሳቢያ፣ ብርሃን ይውጣል፤ በዚያ ክልል ያሉት ሞገዶች ላይሠሩ ይችላሉ። ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ክሩ ይለካ።

መለካት ያልነው ዋና ጥያቄያችን ነው። ፋይበር የት ጋ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያጠፋ ኦ ቲ ዲ አር የተባለው መሣሪያ ከአንድ ጫፍ ሆኖ በኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ያሳያል፤ ጠጋኝ ቡድኖችም ይህ መሣሪያ በእጃቸው አለ። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ የተገኘው ልኬት እንዲመዘገብ፣ መዝገቡም በዋና ዋና መስመሮች ሁሉ በየዓመቱ ለባለሥልጣኑ እንዲቀርብ፣ ሞገድ ወይም ፋይበር ለሚከራይ ማንኛውም ወገን ከውሉ ጋር እንዲሰጥ የሚያዝዝ መመሪያ በያዝነው የበጀት ዓመት ይውጣ። በነባር መስመር ላይ አዲስ ቦይ ለመቆፈር የሚጠይቅ የትኛውም ተቋም ከማመልከቻው ጋር ይህን መዝገብና በመስመሩ ላይ ስንት ሞገድ እንደበራ አያይዞ ያቅርብ። ያላቀረበ የቁፋሮ ፈቃድ አይሰጠው።